ስምንተኛው ዓይን

የእርጥብ ሱፍ ሽታ የሚወድ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ባለፈው ወር ከጠባሴ ወደ ቤቴ ስመለስ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ፀሐይዋን አሳይታ በረዶ ለቀቀችብኝና ቅርብ ያገኘሁት አዳራሽ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የለበሰው አሮጌ የሱፍ ካፖርት ርሷል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ ሃያ ዓመቴ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ እግሬ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ባለ ካሬ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን በሻይ እያራስኩ። ዘበኛው ግን በትዝታዬ ብዙ አላቆየኝም። «እማማ፣ እዚህ ብርድ ይመታዎታል፤ ውስጥ ይግቡ፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን አለ፣ በነፃ ነው» አለኝ። በነፃ የተባለ ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም። ገባሁ።

ሥዕል ሲባል እኔ የማውቀው ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ነው፣ ወይ እንስራ ያዘለች ቆንጆ ናት። እዚህ ግን ሰውም እንስሳም የለም። ግድግዳው ሙሉ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘንና ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር ነው፤ ሁሉም በቀለም እርሳስ፣ ትልልቅ ወረቀት ላይ። ቀለሙም አራት ብቻ፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና ዳለቻ። መጀመሪያ «ይሄማ የልጅ ደብተር ነው» ብዬ ልወጣ ነበር፤ በረዶው አስቀረኝ። ቆሜ ሳይ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቀዩ ከነጩ ጎን ሲሆን ዝም ያለ ቀይ ነው፤ ከዳለቻው ጎን ሲሆን የጋለ ይመስላል። ሠዓሊው ሁለት ዓይነት ቀይ የተጠቀመ መስሎኝ ተጠግቼ ባየው ያው አንድ እርሳስ ነው። ደረጃዎቹም ከሩቅ ሲያዩዋቸው ወደ ላይ የሚወጡ ይመስላሉ፤ ሲጠጓቸው ቀጥ ይላሉ። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተጠጋሁ። ለመቁጠር ጣቴን ባነሳ ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «እማማ፣ መንካት አይቻልም» አለኝ። በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። በእያንዳንዱ ሥዕል በስተቀኝ፣ ጠርዙ ላይ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ከሌላው ጋር አይሄድም። ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ተሰልፎ ጠርዙ ብቻ በራሱ መንገድ ይሄዳል። መነጽር ያደረገ ወጣት መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ይሄ ጠርዝ ከማኅበረሰቡ ያፈነገጠውን ግለሰብ ነው የሚወክለው» እያለ ያስረዳል፤ ተማሪዎቹም ይጽፋሉ። እኔ መሃሉን ቆጠርኩ። አንድ ጥቁር፣ ከላዩ ሦስት ጥቁር፣ ከላዩ ሰባት ጥቁር። ጠርዙን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ከሥሩ የተለጠፈችውን ወረቀት ሳነብ «የእናቴ ስህተት፣ ቁጥር አራት» ይላል። የሚቀጥለው ቁጥር አምስት ነው፣ የሚቀጥለው ስድስት። ግድግዳው ሙሉ የእናቴ ስህተት ነው። ያ ስህተት የማን እንደሆነ በዚህ ከተማ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወይም ያን ቀን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑን ስም አልሰጠውም። ግድግዳ ሁሉ መፈክር የተጻፈበት፣ ለስኳር ወረፋ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ያውም ዛሬ በጠፋው መጠን፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ዳቦ። ጎረምሶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ የደብረ ብርሃንን አቧራ ይጠርግ ነበር፤ ፀጉራቸው ደግሞ ባርኔጣ አያስገባም። እኔ አንዲት ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፤ በቴትሮን ብርድ እንደማይመለስ የማያውቅ ሰው የለም፣ ግን ሹራብ ከላይ ከደረብኩ ቀሚሷ ስለማትታይ ቀሚሷ እንድትታይ እየተንቀጠቀጥኩ እሄድ ነበር። ከፖስታ ቤቱ ማዶ አንድ ሻይ ቤት ነበረች። ከሷ የሚወጣው ዘፈን ጠዋት ጠዋት እስከ ምንጣፍ ቤቱ መታጠፊያ ድረስ ይሸኘን ነበር፤ ዘፈኑ እንዳያልቅብን መታጠፊያው ላይ ቆመን ጫማ የምናስር እንመስል ነበር። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ እንደሌለው እያወቅን። ዛሬ ሻይ ቤቷ የሞባይል መሸጫ ሆናለች። ከሷም ዘፈን ይወጣል፤ ሦስት ዘፈን በአንዴ።

ምንጣፍ ቤቱ ከበሬሳ ወንዝ ከፍ ብሎ ያለ ረጅም ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ሱፉ ከመንዝ በግ ይመጣል፤ ነጩ፣ ጥቁሩና ዳለቻው በጉ እንደፈጠረው ነው፣ ቀዩ ብቻ ይነከራል። ድሩ በተወጠረበት ትልቅ እንጨት ፊት አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፤ እሱ ላይ ስምንት ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጡና ክሩን ቋጠሮ በቋጠሮ ያስሩታል። ንድፉን የሚያዩት ግን እነሱ አይደሉም። ንድፉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ተሥሎ ከኋላቸው በምትቀመጠው አንባቢ እጅ ነው። አንድ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው። አንባቢዋ መደዳውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ስምንቱም የሰሙትን እኩል ይቋጥራሉ፤ ስለዚህ አንዷ ፊት ያለው ቅርጽ ስምንቷም ፊት አለ። ያቺ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ድምፄ ደግሞ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «አራት ቀይ፣ ሦስት ጥቁር፣ አራት ቀይ!» እያልኩ በዜማ ስለማነብ ሴቶቹ «ሬዲዮ» የሚል ስም አወጡልኝ። አልከፋኝም። ሬዲዮ ያለው ቤት በማይበዛበት ዘመን ሬዲዮ መባል ቀላል ማዕረግ አይደለም። ዛሬም ገበያ ላይ ሽንኩርት ስቆጥር ዜማዬ ያመልጠኛል፤ ሻጮቹ ይስቁብኛል።

በቀኝ ጫፍ የምትቀመጠው ስምንተኛዋ ይመኙሻል ትባላለች። ከአንኮበር የመጣች፣ ቀጭን፣ ጣቷ ፈጣን ልጅ ነበረች። ጆሮዋ ፈጽሞ አይሰማም፤ ገና በልጅነቷ በሽታ ወስዶባት ነው አሉ። የማትሰማ ሴት በድምፅ በሚሠራ ሥራ ላይ እንዴት ተቀመጠች ብላችሁ ብትጠይቁ እኛም ጠይቀን ነበር፤ መልሱንም አግኝተን ነበር፤ ማለትም ያገኘን መስሎን ነበር። ከጎኗ ያለችውን ሴት እጅ እያየች የምትቀዳ ነው የመሰለን። ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ቆሏችንን ይዘን ፀሐይ ስናሳድድ እሷ ቤት ውስጥ ቀርታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን የንድፍ ሥዕል ትክ ብላ ታያለች። «ቀለሙ ደስ ብሏት ነው» እንል ነበር። ከንፈራችንን እየመጠጥን። አሁን ሳስበው በራሳችን ላይ ነበር መምጠጥ የነበረብን።

ከንድፎቹ ሁሉ የሚወደደው «ዓይን» የምንለው ነበር። በቀይ መሃል የሚከፈት ጥቁር ቅርጽ ነው፤ በአንድ ቋጠሮ ይጀምርና በየመደዳው ሁለት ሁለት እየጨመረ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ይሆናል፤ ከዚያ በመጣበት መንገድ ይጠብና በአንድ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ለትልቅ ቦታ የታዘዘ ምንጣፍ ላይ ስምንት ዓይን በአንድ መስመር ይሠራ ተባለ። ወረቀቱ መታጠፍ የለበትም፤ ደንብ ነው። እኔ ግን ሻዬን በሁለት እጄ ለመያዝ ስል አራት አጥፌ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር። እጥፋቱ ሲደጋገም ወረቀቱ አረጀና አንዱን መደዳ ዋጠው። ከሦስቱ ቀጥሎ ያለውን አምስት። «አራት ቀይ፣ ሦስት ጥቁር፣ አራት ቀይ» አልኩ፤ ቀጥዬም በዚያው ዜማ «ሁለት ቀይ፣ ሰባት ጥቁር፣ ሁለት ቀይ» አልኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሬዲዮ ተሳሳተ የሚል ማን አለ?

ምንጣፍ ሲቋጠር ጠጉሩ ጎፍሮ ስለሚቆይ ቅርጹ በደንብ አይለይም። የሚለየው ወርዶ፣ ጠጉሩ በመቀስ ተስተካክሎ መሬት ላይ ሲዘረጋ ነው። ሲዘረጋ ሰባቱ ዓይኖች አንድ ዓይነት ሆነዋል፤ አንዳች ነገር የተጫናቸው ጎበጥ ያሉ ዓይኖች። በቀኝ ጫፍ ያለው ስምንተኛው ግን ከሁሉም ረዘም ብሎ በራሱ ተከፍቷል። የሥራው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ሰባት ሲያይ አንዱን ከሰባቱ ጋር አስተያየ፣ «ስምንተኛዋ ማን ናት?» አለ፣ ሁላችንም ወደ ይመኙሻል አየን። «ድሮም የማትሰማ ሴት እዚህ ማስቀመጥ ስህተት ነበር» አለ። እኔ ያኔ ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ወረቀቱን ዘርግቼ እጥፋቱን በጥፍሬ ስከፍት አምስቱ ጥቁር ካሬዎች ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሰባቱ ሴቶች የተሳሳቱት በእኔ ድምፅ ነው። ያልተሳሳተችው ድምፄን ያልሰማችው ብቻ ናት። ለካ ከማንም አትቀዳም ነበር፤ ምሳ ሰዓት ትክ ብላ የምታየውን ንድፍ በልቧ ይዛዋለች። ከሦስት ወደ ሰባት የሚዘል ዓይን እንደሌለ ታውቃለች፤ ስለዚህ አምስቱን ቋጠረች።

ተመልሼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ምክንያቴን አሳምሬ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ከአንባቢነት የወረደ ሰው የሚላከው ሱፍ አጠባ ላይ ነው፤ ሱፍ አጠባ ደግሞ በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ውርጭ ባጋገረው ውሃ ውስጥ እስከ ክርን ገብቶ መዋል ነው። እኔ ያን ውሃ አውቀዋለሁ። ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት፣ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሌላ ንድፍ ማንበብ ጀመርኩ። ይመኙሻልን ከአግዳሚው ሲያስነሷት ጋሽ ደምሴን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ያን ኅዳርና ታኅሣሥ ሱፍ ስታጥብ ከረመች፣ ከዚያ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ወደ አንኮበር ተመለሰች ሲሉ ሰማሁ። በከተማውም «ምንጣፉን ያበላሸችው ደንቆሮዋ» የሚል ስም ቀረላት። እኔ ምንጣፍ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሬዲዮ ሆኜ ቆየሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ልጆቼን ዳርኩ። ይመኙሻል አልፎ አልፎ ነበር ትዝ የምትለኝ፤ ውርጭ የበዛ ጠዋት ላይ።

አዳራሹ ውስጥ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት ሳያት ጣቶቿን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ቀጭኖች ናቸው፣ ጫፋቸው ቀይና ጥቁር ተለቅልቋል። ሰናይት ትባላለች፤ አርባ ዓመት አይሞላትም። ሥዕሎቹን የሠራችው እሷ ናት። «ተማርሽው ወይስ ከራስሽ ነው?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ተምሬያለሁ እትዬ። ይሄን ግን ከእናቴ ነው ያገኘሁት። እናቴ አትሰማም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። በልጅነቴ በየቀኑ ባለ ካሬ ደብተር ታመጣና ይህንኑ ቅርጽ ታስቀባኝ ነበር። ሰባቱን እንደዚህ፣ ስምንተኛውን እንደዚህ። ሌላ ልቀባ ብል ትቆጣለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቅርጹን ትወደዋለች ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ስህተት አልሽው?»

ፈገግ አለች። «ድሮ እዚህ ከተማ ምንጣፍ ትሠራ ነበር። አንድ ምንጣፍ ላይ ተሳስታ ነው ያባረሯት፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው። እኔ ግን አላፍርበትም። ያ ስህተት ከሰባቱ ሁሉ ያምራል። ስለዚህ ኮርቼበት ሣልኩት።»

መምህሩና ተማሪዎቹ ወጥተዋል። በረዶው ቆርቆሮውን መደብደቡን ትቷል። ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅም ነበር፤ እግሬም ወደ በሩ አንድ ሁለት ጊዜ አስቦ ነበር። ያቆመኝ ደግነት አይመስለኝም። ልጅቷ ስለ እናቷ የተዋሸውን ውሸት ይዛ፣ በፍቅር አሳምራ፣ ቁጥር ሰጥታ ግድግዳ ላይ መስቀሏ ነው ያቆመኝ። አፈርኩ። «ልጄ» አልኳት፣ «ጠርዙ አይደለም ስህተቱ። መሃሉ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ እጥፋቱን፣ አምስቱን፣ ምሳ ሰዓቱን፣ ዝም ማለቴን። እየሰማች ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ተነስታ ሥዕሎቿን አንድ በአንድ እየዞረች አየቻቸው፤ ልክ ሌላ ሰው የሠራቸው ይመስል። ቁጥር አራት ፊት ስትደርስ ቆመችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ስትነግረኝ ነበር» አለች። «በየቀኑ። እኔ ቀለም መቀባት የምታስተምረኝ መስሎኝ።»

ዞር አለች። «እኔን አይደለም መንገር ያለብዎት። ቅዳሜ ወደ እናቴ እሄዳለሁ፣ ይምጡ። ደግሞ እኔ በመሃል አላስተረጉምም። እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።»

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ ሲጭን ድሮም ዘንድሮም አንድ ነው፤ ሞልቷል ከተባለ በኋላ አምስት ሰው ይጨመራል። ከጎኔ የአሊዩ አምባ ገበያተኛ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ተቀምጠው «ኢንሻአላህ ጉሙ ይገልጣል» ይላሉ፤ ጉሙ አልገለጠም። እኔ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ፣ ሳስተካክል፣ ማርያምን ስጠራ ቆይቼ አንኮበር ከተማ፣ ጎረቤላ ስንወርድ ነው ለማን እንደምናገረው ትዝ ያለኝ። ዕድሜ ልኬን በድምፄ የኖርኩ ሴት፣ ድምፄ ምንም የማይሠራበት ብቸኛ ሰው ፊት ልቀርብ ነው። ከሰናይት አንድ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ለመንኩ።

ይመኙሻል በሯ ላይ፣ ብርሃን የሚገባበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። አንድ ጊዜ አየችኝ፤ አወቀችኝ። ለመሳቅም ለመቆጣትም አልቸኮለችም፤ ራሷን በትንሹ ነቀነቀችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሰናይት ግድግዳው ጥግ ቆማ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሣልኩ። ሰባቱን ጎባጣ ዓይኖች፣ አንድ ሦስት ሰባት፣ አንድ ሦስት ሰባት፤ በቀኝ ጫፍ ደግሞ የሷን ሙሉ ዓይን። ካሬ በካሬ ስለማጠቁር ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፤ አልቸኮለችም። ስጨርስ ጣቴን ስምንተኛው ላይ አድርጌ ወደሷ ጠቆምኩ፣ ራሴንም «ልክ ነው» ብዬ ነቀነቅኩ። ከዚያ ሰባቱ ላይ አድርጌ ወደ ደረቴ ጠቆምኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌዬ ጠረግኩት፣ ጥቁሩ ትንሽ ተለቀለቀ።

ይመኙሻል ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች። ጥፍሯን እየነዳች ሰባቱንም ቆጠረቻቸው፤ እያንዳንዱን። ምንጣፍ ላይ ስህተት ሲገኝ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ስህተቱ ድረስ እየፈቱ መውረድ። ላጲሱን አነሳችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ጥፍሯን በመጀመሪያው ዓይን ሦስቱ ጥቁር ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ በላይ ያለውን በሙሉ አጥፊው እንደማለት በእጇ ጠረግ አድርጋ አሳየችኝ። አጠፋሁ። ሰባቱን ዓይኖች እስከ ሦስቱ ድረስ አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ የላጲሱን ብናኝ እፍ እያለች ከወረቀቱ ታስወግድልኛለች። ሲያልቅ እርሳሱን አስያዘችኝ። እኔ ወደ ወረቀቱ አጎንብሼ ስጠብቅ አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችውና ፊቷን እንዳይ አደረገችኝ። ከዚያ እጇን ከፍ አድርጋ አምስት ጣት ዘረጋች።

ቀባሁ።